ክሪስታል ውስጥ የተያዙት ሁለት ፕሮቲኖች የእውነት ይገናኛሉ ወይስ አጋጣሚ ነው? (ሴሚናሬ ሐሙስ ነው እርዱኝ)

ቱሉዲምቱ_ባዮ፦

ሰላም ሰላም፣ ባዮኬሚስትሪ የምታውቁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ ሐሙስ የጆርናል ክለብ ተራዬ ነው፣ የደረሰኝ ደግሞ በ2009 የወጣ የባክቴሪያ ሲግናል ፕሮቲኖች ክሪስታል ስትራክቸር ነው (ፕሮቲኑን ክሪስታል አድርገው በኤክስሬይ ቅርጹን የሚያዩበት)። ሂስቲዲን ካይኔዝ እና ሪስፖንስ ሬጉሌተር የሚባሉት ሁለቱ ተጣብቀው እያሉ የተያዙበት፣ ኤችኬ853 እና አርአር468 ይላቸዋል፣ ቴርሞቶጋ ማሪቲማ ከምትባል ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያ የመጡ ናቸው። ፒዲቢ ላይ (የፕሮቲን ቅርጾች ማከማቻው ድረገጽ) ኮዱ 3ዲጂኢ ነው።

በደንብ የገባኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ካይኔዙ ውጪ ያለውን ነገር ይሰማል፣ ከኤቲፒ ፎስፌት ወስዶ ሂስቲዲን የምትባል የራሱ አሚኖ አሲድ ላይ ይለጥፋል፣ ከዛ ሬጉሌተሩ ይመጣና ፎስፌቱን ወደራሱ አስፓርቴት (ይቺም አሚኖ አሲድ ናት) ይወስዳል፣ ከዛ ብዙ ጊዜ ሄዶ ጂን ያበራል ወይ ያጠፋል፣ አለቀ። ትላንት አማካሪዬ ቢሮ ገብቼ ይሄን ስለፈልፍ ዝም ብሎ ሰማኝና "ጥሩ፣ ግን ይሄ ንክኪ ሴል ውስጥም ያለ መሆኑን በምን አወቅሽ? ክሪስታል ውስጥ እኮ ማንም ከማንም ጋር ይነካካል" አለኝ። ምላሴ ታሰረ በቃ። ልወጣ ስል ደግሞ በር ላይ ጨመረልኝ፣ "ፎስፌቱስ የታለ?"

ቤት ገብቼ ላየው ብል መብራት ከትላንት ማታ ጀምሮ ይሄዳል ይመጣል፣ ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ነው፣ የፕሮቲን ቅርጽ ማያውን ፓይሞል ስከፍትበት ቀጥ ይላል። እና ጥያቄዬ ሁለቱ የአማካሪዬ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከቻላችሁ ደግሞ ሪዞሉሽን 2.8 አንግስትሮም ማለት ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ጨምሩልኝ፣ አንዱ ልጅ መጠየቁ አይቀርም።

ኮዬ_ብሎክ_ሰባት፦

ወንድሜ አይዞህ፣ አማካሪህ ጥሩ ጥያቄ ነው የጠየቀህ። እኔ ክሪስታል ሰርቼ አላውቅም፣ የተማርኩት ማይክሮባዮሎጂ ነው፣ ግን የመጀመሪያዋን በቁልፍ ላስረዳህ።

እኛ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን በሮቹ ላይ የተገጠሙት ቁልፎች ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጡ ነበሩ መሰለኝ። አንድ ማታ ደክሞኝ ፎቅ ተሳስቼ ሶስተኛ ፎቅ መስሎኝ አራተኛ ላይ ቁልፌን ከተትኩ፣ ወዲያው አልከፈተም፣ ወዘወዝኩት፣ ሳብ አደረኩት፣ ገፋ አደረኩት፣ አራተኛው ላይ ከፈተ። ሰውዬው በካልሲ ቆሞ ጭልፋ ይዞ አየኝ። የራሴን በር ግን ሳላየው በአንድ ዙር ነው የምከፍተው።

ባክቴሪያም እንደዛ ነው። ኢ ኮላይ ብቻ ወደ 30 የሚጠጉ ሂስቲዲን ካይኔዞች አሏት፣ ሬጉሌተሮቹም በዛው ልክ ናቸው፣ እና ሁሉም ከአንድ ካርቶን የወጡ ነው የሚመስሉት፣ ቅርጻቸው ተመሳሳይ ነው። ቱቦ ውስጥ ብዙ ሰዓት ካቆየኸው አንዱ ካይኔዝ የሌላውንም ሬጉሌተር ፎስፎሪሌት ያደርጋል (ፎስፌት ይለጥፍበታል)፣ የራሱን ግን በጣም በፍጥነት ነው። ይሄን የሚወስነው ሁለቱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ናቸው። በ2008 ኤንቭዜድ የሚባለውን የኢ ኮላይ ካይኔዝ ጥቂት አሚኖ አሲዶቹን ብቻ ቀይረው አርኤስቲቢ የሚባለውን የሌላ ካይኔዝ ጓደኛ ሬጉሌተር ፎስፎሪሌት እንዲያደርግ አድርገውታል። በር ሳይቀይሩ የቁልፉን ጥርስ ሞርደው ማለት ነው። እነዛ አሚኖ አሲዶች ያሉበት ቦታ ደግሞ ያንተ ክሪስታል ሁለቱ ተነካክተዋል የሚልበት ቦታ ነው። አጋጣሚ ቢሆን እዛው ጋ አይገጥምም ነበር።

እና ሌላ፣ ካይኔዞች ጥንድ ሆነው ነው የሚሰሩት፣ ሁሌም አንዱ የሌላኛውን ሂስቲዲን ነው ፎስፎሪሌት የሚያደርገው፣ ይሄንንም ጨምርበት።

በቃ_አልፋ፦

ሰዎች 2024 ላይ የፕሮቲን ቅርጽ የሚገምተው ፕሮግራም አልፋፎልድ 3 ወጥቷል እኮ፣ በዛው አመት የአልፋፎልድ ሰሪዎች ኖቤል ራሱ ተሸልመዋል። የሁለቱን ሲኩዌንስ (የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል) አስገቢ፣ ደቂቃ ጠብቂ፣ ኮምፕሌክሱን ይሰጥሻል። ክሪስታል ምናምን የአያቶቻችን ስራ ነው፣ ለሐሙስ አትጨናነቂ።

ቱሉዲምቱ_ባዮ፦

@ኮዬ_ብሎክ_ሰባት በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን "በምን አወቅሽ" የሚለውን ዘለህ ነው የገባኸው? ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ ሃሃሃ። የቁልፉን ነገር ግን እጠቀመዋለሁ፣ ጭልፋውን ትቼ።

@በቃ_አልፋ አማካሪዬን ስለማታውቀው ነው። አልፋፎልድ ነው ያለኝ ብለው "እሱስ በምን አወቀ" ነው የሚለኝ።

የረጋ_ማር፦

የኔ ልጅ፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ቁጭ ያልኩ ሰው ነኝ፣ ግን በጉልምስናዬ ውጭ አገር ስድስት አመት ክሪስታል ሳበቅል ኖሬያለሁ፣ አይኔንም የበላው ያ ማይክሮስኮፕ ነው። ነገሩን ከስር ልጀምርልሽ፣ ረዘመ ካልሽ ዝለይው።

ማር አስቀምጠሽ ሲረጋ አይተሻል? ሰዉ ስኳር ገብቶበታል ብሎ ሻጩን ይሰድባል እንጂ ንጹህ ማርም ይረጋል፣ ግሉኮሱ ከሚችለው በላይ ስለሟሟ አንድ ቦታ ትንሽ ፍሬ ሲይዝ ሌላው እየመጣ እሱ ላይ ይደረደራል። ፕሮቲንም እንደዛ ነው፣ ልዩነቱ ማር ሳትነኪው ይረጋል ፕሮቲን ግን ለምነሽው ነው። አንድ ማይክሮሊትር ፕሮቲን ከአንድ ማይክሮሊትር ጨዋማ ወይም ፖሊመር ካለበት ፈሳሽ ጋር ትቀላቅይና ስስ መስታወት ላይ ጠብ ታደርጊያለሽ፣ መስታወቱን ገልብጠሽ ያው ፈሳሽ በብዛት ያለበት ጉድጓድ ላይ በቅባት ታሽጊዋለሽ። ከዛ ጠብታው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ተኖ ወደ ታች ይሄዳል፣ ፕሮቲኑ ይወፍራል፣ እድልሽ ከሆነ ይደረደራል፣ እድልሽ ካልሆነ እንደ ተበላሸ ወተት ይቋጥራል። አብዛኛው ይቋጥራል። መቶ ምናምን አይነት ፈሳሽ ሞክረሽ አንዱ ነው የሚሰራው፣ እሱም ከሰራ።

አንድ ጊዜ ሶስት ሳምንት ጠብቄ እንደ አልማዝ የሚያበራ፣ ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ክሪስታል አገኘሁ። ፎቁን በሙሉ ጠርቼ አሳየሁ። አለቃዬ መጣች፣ አየችው፣ ምንም ሳትናገር በቀጭን መርፌ ነካችው፣ ቀጭ አለ። ጨው ነበር። የፕሮቲን ክሪስታል መርፌ ሲነካው እንደ ለስላሳ አይብ ይፈረፈራል እንጂ አይጮህም፣ ምክንያቱም ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ይሄን ያወራሁሽ ለወሬ ብቻ አይደለም፣ የአማካሪሽ መልስ ውስጡ አለ። ክሪስታሉ ግማሹ ውሃ ስለሆነ ፕሮቲኖቹ እንደ ጡብ ተጨፍልቀው አይደለም የተቀመጡት፣ በትንሽ በትንሽ ቦታ ተደጋግፈው ነው፣ ቅርጻቸውም ውሃ ውስጥ ካላቸው ብዙ አይርቅም፣ አንዳንድ ኤንዛይም ክሪስታል ውስጥ ሆኖም ስራውን ይሰራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምታይው ንክኪው ስንት ስፋት አለው ነው። የክሪስታል ፓኪንግ ንክኪ፣ ማለትም ሲደረደሩ ብቻ የሚፈጠረው፣ ብዙ ጊዜ ትንሽና የተበታተነ ነው፣ እውነተኛ ጓደኝነት ሰፋ ያለ ነው፣ ውሃ የሚጠሉት ጎኖች ተሸሽገው የሚገጥሙበት ነው። ግን ሲግናል ላይ ይሄ ብቻውን አያስተማምንም፣ ሬጉሌተሩ ፎስፌቱን ተቀብሎ መሄድ አለበት፣ ተጣብቆ ከቀረማ ሲግናሉ የት ይደርሳል? ስለዚህ ንክኪው በተፈጥሮው መካከለኛ ነው፣ አማካሪሽም የጠረጠረው ለዛ ነው።

ሁለተኛ የምታይው ኬሚስትሪው ነው። ፎስፌት የሚሰጠው ሂስቲዲን እና የሚቀበለው አስፓርቴት ፊት ለፊት ካልተያዩ፣ ንክኪው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ዋጋ የለውም። ሶስተኛ፣ ሌላ ሰው ከሌላ ባክቴሪያ በሌላ ክሪስታል ተመሳሳይ አቀማመጥ አግኝቷል ወይ? እዚህ ላይ እድለኛ ነሽ፣ በ2000 ባሲለስ ሰብቲለስ ውስጥ ስፖር ለመስራት የሚያገለግሉትን ስፖ0ኤፍ እና ስፖ0ቢን አንድ ላይ ይዘዋቸው ነበር። ያ ስፖ0ቢ ፎስፌት አቀባባይ እንጂ እውነተኛ ካይኔዝ አይደለም፣ ቅርጹ ግን የካይኔዙ ዘመድ ነው፣ እዛም የሬጉሌተሩ የመጀመሪያ ሄሊክስ (እንደ ጥምዝ ሽቦ ያለው ክፍል) ነው መጥቶ ከስፖ0ቢ አራት ሄሊክሶች ጎን የሚለጠፈው። ሁለት የማይተዋወቁ ክሪስታሎች አንድ አይነት ምስክርነት ሰጡ ማለት ነው። አራተኛው ብሎክ ሰባት ያለው ነው፣ አሚኖ አሲዶቹን ቀይሮ ጓደኛ ማስቀየር፣ እሱ እንደውም ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ስለ ሪዞሉሽን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥሩ ነው፣ ተማሪ ሁሌ ይገለብጠዋል። አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 10 ሚሊዮን አንግስትሮም አለ፣ ሁለት ካርቦኖች ሲያያዙ ርቀታቸው 1.5 አንግስትሮም ገደማ ነው። ስለዚህ 2.8 ላይ አተም በአተም አታይም። በቴሌግራም የተጨመቀ የሰርግ ፎቶ በይው፣ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ እጇ የት እንዳለ ታያለሽ፣ ጥፍሯ ምን ቀለም እንደተቀባ ግን አታውቂም። የፕሮቲኑ ጀርባ አጥንት ይታያል፣ ትልልቆቹ የጎን ሰንሰለቶች ይታያሉ፣ ሃይድሮጅን ፈጽሞ የለም፣ ውሃ ጥቂት ነው፣ ያለውም ሊያከራክር ይችላል። ለኮምፕሌክስ ግን 2.8 የሚያሳፍር ቁጥር አይደለም።

እና አንዲት ነገር ልስጥሽ፣ ይቺን ካልሽ አማካሪሽ ቀና ብሎ ነው የሚያይሽ። የሂስቲዲን ቀለበት ላይ ናይትሮጅንና ካርቦን በኤክስሬይ አይን አንድ ናቸው ማለት ይቻላል፣ የኤሌክትሮን ቁጥራቸው 7 እና 6 ነው፣ ልዩነቱ በዚህ ሪዞሉሽን አይለይም። ስለዚህ ቀለበቱ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ቢቀመጥም ኤክስሬዩ የሚያሳየን የኤሌክትሮን ደመና ያው ነው። የትኛው ናይትሮጅን ፎስፌቱን እንደሚይዝ ከደመናው ብቻ አንብበሽ አትናገሪም፣ ከጎረቤቶቹና ከኬሚስትሪው ገምተሽ ነው። ስዕሉ ላይ ግን ሰማያዊ ኳስ ሆኖ ቁጭ ብሏል፣ ያየ ሁሉ በአይኑ ያየው ነው የሚመስለው።

ቱሉዲምቱ_ባዮ፦

@የረጋ_ማር ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የምሬን ነው ሁለቴ አነበብኩት። ቀጭ ያለው ጋ ከልቤ አዘንኩ።

መብራት አሁንም የለም ግን የእናቴን ስልክ ተቀብዬ ፒዲቢው ድረገጽ ላይ ያለው ሞልስታር የሚባለውን ከፈትኩት፣ ምንም ማውረድ አይፈልግም፣ ፓኬጅ ብቻ ይበላል። አራት ሰንሰለት አለ፣ ሁለቱ ካይኔዝ ሁለቱ ሬጉሌተር። ካይኔዞቹን ቢጫ አደረኳቸው ሬጉሌተሮቹን አረንጓዴ። መሀል ላይ ከሁለቱ ካይኔዝ ሁለት ሁለት ሄሊክስ መጥቶ አራት ሆነው እንደ እንጨት እስር ቆመዋል፣ አረንጓዴዎቹ ግራና ቀኝ ተለጥፈዋል። በጣት እያገላበጥኩ 260ኛውን ሂስቲዲን ፈለኩት፣ ከዛ 53ኛውን አስፓርቴት፣ እና ጋሼ ፊት ለፊት ይተያያሉ! እናቴ ይሄ ሁሉ ጥብጣብ ምንድነው ብላ መጥታ አየች፣ ባክቴሪያ ሲነጋገር ነው አልኳት፣ ስልኬን አጥፊና ነይ ቡና ደርሷል አለች።

ግን ያው ፎስፌት የለም፣ ፈልጌ አጣሁ። ሁለቱ ተያይተው መሀላቸው የሚቀባበሉት ነገር ከሌለ ታዲያ ሲቀባበሉ ተያዙ እንዴት ይባላል? እና ሌላ፣ ካይኔዙ ሙሉ አይደለም፣ ሴል ሜምብሬን ውስጥ የሚያልፈው እና ውጪውን የሚሰማው ክፍል የለም፣ ተቆርጦ ነው የመጣው።

ሌሊት_ላብ፦

የመጨረሻውን መጀመሪያ ልመልስ፣ አዎ ተቆርጦ ነው። ሜምብሬን ውስጥ ያለ ክፍል ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ክሪስታል ማድረግ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ውስጠኛውን ክፍል ብቻ ነው የሰሩት። የዛው ካይኔዝ ውስጠኛ ክፍል ብቻውን በ2005 በ1.9 አንግስትሮም ተሰርቶ ነበር፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታሳዪ ጥሩ ስላይድ ይሆናል፣ ብቻውን እና ከጓደኛው ጋር። ግን "ሲግናሉ ከውጪ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ያሳያል" ብለሽ እንዳትዪ፣ አያሳይም፣ የሚያሳየው ውስጥ ከገባ በኋላ ያለውን ቅብብል ነው።

ፎስፌቱ የሌለው ስለማይቆይ ነው። ሂስቲዲን ላይ ያለው ፎስፌት አሲድ አይችልም፣ አስፓርቴት ላይ ያለው ደግሞ በውሃ ራሱ ይፈርሳል፣ ኬዋይ የሚባለው የኢ ኮላይ ሬጉሌተር ላይ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ክሪስታል ደግሞ ቀናት አንዳንዴ ሳምንታት ይፈልጋል። ቡና ተፈልቶ እንግዳው በሳምንቱ ቢመጣ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዎች ያታልላሉ፣ ቤሪሊየም ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይጨምራሉ፣ እሱ አስፓርቴቱ ላይ ሄዶ ፎስፌት መስሎ ይቀመጣል፣ አይፈርስም። ኬዋይን በዚህ መንገድ በ2001 እንደበራ አድርገው ይዘውታል፣ 57ኛው አስፓርቴቱ ላይ። ሳይበራ ያለው የኬዋይ ቅርጽ ደግሞ በ1991 በ1.7 አንግስትሮም የተሰራ አለ፣ ሁለቱን ስታነጻጽሪ የሚንቀሳቀሰው በጣም ትንሽ ነው፣ አንድ ትሪኦኒን ወደ ውስጥ ሳብ ይላል፣ አንድ ታይሮሲን ጎኑን ያዞራል፣ በቃ። ከዛች ትንሽ መዞር የተነሳ ነው ፍላጀለሙ (መዋኛ ጅራቷ) ሞተር ላይ ሄዶ ፍሊኤም የሚባል ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ የመዞሪያ አቅጣጫውን የሚያስቀይረው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ባክቴሪያዋ ሙሉ በሙሉ አቅጣጫ ትቀይራለች፣ ፕሮቲኑ ላይ ግን ያልለመደ አይን ልዩነቱን አያየውም።

ስለዚህ አማካሪሽ ፎስፌቱስ ሲል መልሱ "ይሄ ፎቶ ሲቀባበሉ አይደለም፣ የሚቀባበሉበት አቀማመጥ ላይ ሆነው ነው" ነው። ቅብብሉን ራሱን የሚያሳየው በራዲዮአክቲቭ ፎስፌት ጄል ላይ የሚደረገው ሙከራ ነው፣ ክሪስታሉ ግን እጃቸው ይደራረሳል ወይ የሚለውን ነው የሚመልሰው። ደግሞ ብዙ ካይኔዞች ሁለት ስራ አላቸው፣ ፎስፌት ይሰጣሉ፣ ሲግናሉ ሲያበቃ ደግሞ ከሬጉሌተሩ ላይ መልሰው ያነሳሉ፣ እና አንድ ቆሞ የቀረ ፎቶ አይተሽ እየሰጠ ነው እያነሳ ነው ብሎ መለየት ራሱ ክርክር ነው።

እና @ኮዬ_ብሎክ_ሰባት ይቅርታህን፣ "ሁሌም አንዱ የሌላኛውን" ያልከው ልክ አይደለም። ኤንቭዜድ ላይ ልክ ነህ፣ እዛ አንዱ የሌላኛውን ነው። የዚህ ፔፐር ትልቁ ዜና ግን ኤችኬ853 ጥንድ ቢሆንም እያንዳንዱ የራሱን ሂስቲዲን ራሱ ነው ፎስፎሪሌት የሚያደርገው የሚል ነው። አብስትራክቱ ላይ ራሱ አለ። እሷ ያንተን ይዛ ገብታ ቢሆን ሐሙስ አለቀላት።

ኮዬ_ብሎክ_ሰባት፦

ወይኔ ጉዴ። ልክ ነህ፣ እኔ የተማርኩት በኤንቭዜድ ነበር፣ ሁሉም እንደዛ መስሎኝ ቀረ። እህቴ ያንን አረፍተ ነገር ሰርዢው፣ ቁልፉን ብቻ ያዢ። ግን ለምን ይለያያል? ቅርጻቸው አንድ አይነት ነው ብለን የለ እንዴ?

ሌሊት_ላብ፦

ከአራቱ ሄሊክስ እስር ስር ሄሊክሶቹን የምታገናኝ አጭር ዙር አለች፣ እሷ ወደ ቀኝ ከታጠፈች ወይ ወደ ግራ ከታጠፈች ነው። በአንደኛው አቅጣጫ ስትታጠፍ ኤቲፒ የያዘው ክፍል ከራሱ ሂስቲዲን ጎን ይውላል፣ በሌላኛው ከጎረቤቱ ጎን። ያቺ ዙር ብቻ ናት፣ ሌላው ያው ነው።

የለገጣፎ_መድሃኒት፦

ይቅርታ እኔ ፋርማሲ ነው የምሰራው እንጂ እዚህ ውስጥ የለሁበትም፣ ግን ሳነብ ዋልኩ ዛሬ ደንበኛ የለም ዝናብ ነው። አንድ ጥያቄ፣ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል? ማለቴ ሰው ሲታመም። አሁን ሁሉም ሰው ታይፎይድ ነው ብሎ ነው የሚመጣው፣ ግማሹ የታዘዘለትን አይጨርስም፣ ባክቴሪያው መድሃኒቱን እየለመደ ነው፣ እናንተ ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ላይ ትከራከራላችሁ።

የረጋ_ማር፦

ጥሩ ጥያቄ ነው የኔ ልጅ፣ መቼም ስንጠየቅ ቅር ይለናል እንጂ። ሙቅ ውሃዋን የመረጡት ፕሮቲኖቿ ጠንካራ ስለሆኑ ነው። ቴርሞቶጋ 80 ዲግሪ ላይ የምትመቻት ፍጥረት ናት፣ መጀመሪያ የተገኘችው ጣሊያን ቩልካኖ አካባቢ ባህር ስር ካለ የጋለ ደለል ነው፣ በ1986 ነው የተገለጸችው። 80 ዲግሪ የለመደ ፕሮቲን ክፍል ሙቀት ውስጥ ስታስቀምጪው አይወራጭም አይፈርስም፣ ሲደረደር ዝም ብሎ ይደረደራል። የታይፎይዱ ግን ይወራጫል። አጥንቱ አንድ ስለሆነ በዚህ የተማርሽውን እዛ ትጠቀሚበታለሽ።

የታይፎይዷ ሳልሞኔላ ሰው ሴል ውስጥ ስትገባ ማግኒዚየም ሲያንስባት፣ አሲድ ሲበዛባት፣ የኛ መከላከያ ሲወጋት የምታውቀው ፎኪው በሚባል ሂስቲዲን ካይኔዝ ነው፣ እሱ ፎፒ ለሚባለው ሬጉሌተር ያቀብላል፣ ከዛ መትረፊያ ጂኖቿን ታበራለች። ይሄን መስመር ካጣች በሽታ የማምጣት ጉልበቷ በጣም ይደክማል። ቲቢም የራሱ አለው፣ ኦክስጅን ሲያጣ የሚያስተኛው መስመር፣ ተኝቶ ሰው ውስጥ አመታት የሚቆየው በዛም ጭምር ነው። ቫንኮማይሲን የለመደው ኢንተሮኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ መድሃኒቱ መምጣቱን የሚሰማው በቫንኤስ ነው፣ ይሄም ያው ሂስቲዲን ካይኔዝ ነው። እንግዲህ አስቢው፣ መድሃኒትሽን እየሰማ ነው በሩን የሚዘጋው።

እና የሚያጓጓው፣ ሰው እንዲህ አይነት ሂስቲዲን ካይኔዝ የለውም። ስለዚህ እሱን የሚዘጋ መድሃኒት ቢገኝ የኛን የመንካት እድሉ ያነሰ ነው ይባላል። እስካሁን ግን በዚህ መንገድ የሚሰራ ከመደርደሪያሽ ላይ የምታወርጂው ነገር የለም። አንዱ ምክንያት ኤቲፒ የሚይዘው ኪሳቸው ከኛ አንዳንድ ፕሮቲኖች ኪስ ጋር መመሳሰሉ ነው፣ ሌላው ደግሞ ሁለቱ የሚነካኩበት ፊት ጠፍጣፋ ነው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ትንሽ ሞለኪውል ምን ይዞ ይቁም? ሚስማር የሌለው ግድግዳ ላይ ኮት እንደመስቀል ነው።

@በቃ_አልፋ ልጄ ያንተንም አልረሳሁም። አልፋፎልድ ጎበዝ ነው፣ እኔ ስድስት አመት የፈጀሁበትን በስድስት ደቂቃ ይሰራዋል፣ አልቀናም ብልህ ውሸት ነው። ግን ምን ተምሮ ነው ጎበዝ የሆነው? ፒዲቢ በ1971 ሲከፈት 7 ስትራክቸር ነበረው፣ አሁን ከ200 ሺህ በላይ ነው፣ ያንን ሁሉ በልቶ ነው። መርፌ የነካቸውን ያልጮሁትን ሁሉ። እንደውም ይሄው የእህትህ ኮምፕሌክስ ላይ የሚያምር ታሪክ አለ፣ በዛው በ2009 አንድ ቡድን የኮምፕሌክሱን ክሪስታል ሳይጠቀም ከብዙ ባክቴሪያዎች ሲኩዌንስ እና ከሁለቱ ፕሮቲኖች የየብቻ ቅርጽ ተነስቶ፣ ካይኔዙ ላይ ይቺ አሚኖ አሲድ ስትቀየር ሬጉሌተሩ ላይ ያቺ አብራ ትቀየራለች እያለ ቆጥሮ፣ እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደሚገናኙ ገምቶ ነበር፣ ከክሪስታሉ ጋር በጣም ተቀራረበ። አልፋፎልድም የሚጠቀመው ያንኑ ሀሳብ ነው፣ አብሮ የተቀየረ አብሮ የተነካካ ነው። የኔ ልጅ ቱሉ ዲምቱ፣ ይሄንን አምስተኛ ምስክር አድርጊው፣ የሁለቱን ክሪስታል ሳያይ የመሰከረ ስለሆነ ፓኪንግ አታልሎት ነው ሊሉሽ አይችሉም።

በቃ_አልፋ፦

እሺ ጋሼ ተቀጣሁ። ግን የአያቶቻችን ያልኩት ለክብር ነው።

የለገጣፎ_መድሃኒት፦

መድሃኒቱን እየሰማ በሩን ይዘጋል ያሉት ነገር ገርሞኛል፣ ነገ ፋርማሲው ላይ ቆሜ አስባለሁ። ይሄ ክሪስታል የሚባለው እዚህ አገር ይሰራል?

ሌሊት_ላብ፦

ጠብታውን መስቀልማ ማንም ላብራቶሪ ይችላል፣ ችግሩ ከዛ በኋላ ያለው ነው። ክሪስታሉ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ ያህል ነው፣ ከቀዝቃዛ ናይትሮጅን ጋር በጣም ጠንካራ ኤክስሬይ ይፈልጋል፣ ለዚህ ሲንክሮትሮን የሚባል ማሽን ነው የሚሻለው፣ አፍሪካ ውስጥ አንድም የለም። ቅርቡ ዮርዳኖስ አላን ያለው ሴሳሚ ነው፣ በ2017 ነው የተመረቀው። ግን ክሪስታሉ ቀዝቅዞ በፖስታ ይሄዳል፣ ሰውየው እዚህ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ማሽኑን ያዛል፣ ሌላው አለም ላይ ብዙዎቹ እንደዛ ነው የሚሰሩት። ኢንተርኔቱ ካለ ማለቴ ነው።

ቱሉዲምቱ_ባዮ፦

ሰላም ሰዎች፣ አርብ ጠዋት ነው፣ ትላንት አቀረብኩ። ትንሽ ላውራላችሁ።

ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ አጥቼ 40 ደቂቃ ቆሜ ላብ በላብ ሆኜ ነው የደረስኩት፣ ፕሮጀክተሩ የኔን ላፕቶፕ አላነብም አለ፣ የጓደኛዬን ተዋስኩ፣ ፎንቱ ሁሉ ተበላሸ፣ አንግስትሮም የሚለው ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ወጣ። 2.8 ሳጥን እያልኩ ጀመርኩ።

በምን አወቅሽ የሚለውን ሳይጠይቀኝ ራሴ አነሳሁት፣ ስፖ0ኤፍን አመጣሁ፣ የቁልፉን ጥርስ መሞረድ አመጣሁ፣ ከሲኩዌንስ የተገመተውን አመጣሁ። አማካሪዬ ምንም አላለም፣ ማስታወሻው ላይ ግን የሆነ ነገር ጻፈ። ፎስፌቱ ጋ ስደርስ "የለም፣ እንደሌለም ማወቅ አለብን፣ ይሄ የሚቀባበሉበት አቀማመጥ ነው" ስል ሳቀ። እሱ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። የሂስቲዲኑን መገልበጥ ግን ልናገር ስል አንዱ ልጅ ቀደመኝና አር ፍሪ ምንድነው ብሎ ጠየቀ፣ ዳታው ውስጥ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ያህል ተለይቶ ተቀምጦ ሞዴሉ ሳያየው ቆይቶ መፈተኛ የሚሆነው ነው፣ ከ1992 ጀምሮ ነው ብዬ መለስኩ፣ ተማሪ ፈተናውን አስቀድሞ እንዳያየው እንደማድረግ ነው አልኩት፣ ክፍሉ ሳቀ ምክንያቱም ልጁ ራሱ በዚህ የታወቀ ነው።

ከዛ ሌላዋ ልጅ ቴርሞቶጋ ዳሎል ትኖራለች ወይ አለችኝ፣ አላውቅም ግን የተገኘችው ጣሊያን ነው አልኩ፣ ከዛ ክፍሉ በሙሉ ስለ ዳሎል ማውራት ጀመረ፣ የኔ ሰዓት እዛው አለቀ።

@የረጋ_ማር ጋሼ የሂስቲዲኗን ነገር በኋላ ኮሪደር ላይ ለአማካሪዬ ነገርኩት። ቆመና "ማን ነገረሽ?" አለኝ። ሱሉልታ ያሉ አንድ ማር የሚያረጉ አባት ናቸው አልኩት። አላመነኝም።

ስላይዱን የጠየቃችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ሳጥኖቹን ካስተካከልኩ በኋላ ነው የምልከው፣ መብራት እስኪመጣ ታገሱኝ።

የረጋ_ማር፦

እሰይ የኔ ልጅ። ማሩ ግን ከሆለታ ነው የምገዛው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ሲረጋ ማየት ብቻ ነው ስራዬ።